ፕሪንተሩ ያቆየው ማመልከቻ

እናቴ መብረቅ ቀይ ነገር ይወዳል ብላ ታምናለች። ሰማዩ ገና ማጉረምረም ሲጀምር ቀይ ሹራቤን ከገመድ ላይ ታወርዳለች፣ ቀዩን ባልዲ ወደ ውስጥ ታስገባለች፣ ቀይ አበባ ያለበትን የአልጋ ልብስ ገልብጣ ታነጥፈዋለች። ይሄ ብቻ ቢሆን ምን ቸገረኝ። ቤታችን ያለው ፕሪንተር ግን ችግር ሲያጋጥመው የሚያበራት አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት አለችው፤ እናቴም ዝናብ በመጣ ቁጥር ያቺን መብራት ታይና ሮጣ ፕሪንተሩን ከሶኬቱ ትነቅለዋለች። እየሠራ ሳለ ሲነቀል ይበላሻል፤ ሲበላሽ ቀይ ያበራል፤ ቀይ ሲያበራ እናቴ ትነቅላለች። እንዲህ ስንሽከረከር ስንት ወር እንደኖርን የምናውቀው እኔና ፈጣሪ ነን።

የምንኖረው ደግሞ መቱ ነው። ሌላው አገር ክረምት ገባ፣ ክረምት ወጣ ይላል። እኛ ዘንድ የሚጠበቀው ዝናቡ የሚመጣበት ቀን ሳይሆን የሚቀርበት ነው። ወረቀት እንኳ ደረቅ ሆኖ አያድርም። አንድ ደስጣ ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ልብስ መሃል እደብቀዋለሁ፤ ቢሆንም እርጥበቱ ፈልጎ ያገኘዋል። ፕሪንተሩ የለሰለሰ ወረቀት ሲያገኝ ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ ይጎትትና ይታነቃል። ስለዚህ ከማተሜ በፊት ወረቀቱን ከሰል ምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ ዘርግቼ አሞቃለሁ። አንድ ጊዜ ጥግ ጥጉ ቡናማ የሆነ ሪፖርት ለኃላፊያችን ብሰጠው "ይሄ ከእሳት የተረፈ ነው?" ብሎኛል።

ፕሪንተሩን ያገለገለ ነው የገዛሁት። ቤት በገባ በሳምንቱ እናቴ ዳንቴል ሠራችለት። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ፍሪጁ ዳንቴል አለው፣ የሶፋው ክንድ ዳንቴል አለው፤ እሱ ብቻውን ራቁቱን ሊቀመጥ ነው? የዳንቴሉን ዘርፍ ከወረቀት ጋር ጎትቶ የዋጠ ዕለት በመቀስ እየቆረጥኩ ሳወጣ፣ እናቴ ከኋላዬ ቆማ ለፕሪንተሩ አላዘነችም። ለዳንቴሉ ነው ያዘነችው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ አርብ ጠዋት የሆነው ግን እንዲህ የሚሳቅበት አልነበረም። የዝውውር ማመልከቻ ማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ነበር። የምሠራበት መሥሪያ ቤት የፌዴራል ነው፤ ሥራ የጀመርኩት ገጠር፣ ዳሪሙ ወረዳ ነው። ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ግማሽ ቀን በእግሬ እየሄድኩ ጉልበቴን እዚያ ጨረስኩ። ከዚያ መቱ፣ እናቴ ቤት፣ እናቴ ጓዳ። አብረውኝ የተማሩት አንዱ አዳማ፣ ሌላው ሰበታ ሆነው አግብተው ወልደው፣ ፎቷቸውን እየላኩ "አንተስ?" ይሉኛል። ቢሾፍቱ የኔ ዓይነት ሥራ ክፍት መሆኑን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። መሄድ ፈለግሁ። ይህን አሁንም አልክድም።

ችግሩ "መሄድ እፈልጋለሁ" ብሎ የተዛወረ ሰው አለመኖሩ ነው። በእኛ መሥሪያ ቤት ሰው የሚያዛውረው በሽታ ነው። የራስ በሽታ ቢሆን ጥሩ፤ ካልሆነም የወላጅ። የአንድ ባልደረባችን አባት ሦስት ጊዜ ለሞት ደርሰው፣ ሦስቱንም ጊዜ ልጃቸውን የተሻለ ከተማ አድርሰውታል፤ አዛውንቱ ዛሬም በበቅሎ ይሄዳሉ። የኔ አባት በልጅነቴ ነው የሞተው። ስለዚህ ለመታመም የቀረችው እናቴ ብቻ ነበረች። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ወላጅ እናቴ በጽኑ ሕመም ምክንያት የአልጋ ቁራኛ በመሆናቸው፣ ሕክምናቸውንም ቢሾፍቱ ሆነው እንዲከታተሉ በመነገራቸውና ከእኔ በቀር አስታማሚ ስለሌላቸው..." በዚያች ሰዓት የአልጋ ቁራኛዋ ጓሮ ጎመን ትኮተኩት ነበር።

እናቴ ሟርት አትወድም። አይደለም እንዲህ ያለ ነገር፣ "ራሴን ሊፈልጠኝ ነው" እንኳ ስል "ክፉ ክፉውን አትጥራ" ትለኛለች። በአፍ የወጣ ይደርሳል ባይ ናት፤ የተጻፈማ የባሰ ነው። እኔም ይህን እያወቅሁ ነው የጻፍኩት። ስለዚህ ማመልከቻውን የትም ማተም አልችልም። የቢሮው ፕሪንተር ያለው ጸሐፊዋ ጋ ነው፤ ጸሐፊዋ ያየችውን ደግሞ ከተማው ምሳ ሳይበላ ይሰማዋል። ሰፈራችን ያለችው የኮምፒውተር ቤት ልጅ እናት ከእናቴ ጋር አንድ ማኅበር ይጠጣሉ። የቀረኝ ቤቴ ያለው ይሄ መናጢ ፕሪንተር ብቻ ነበር።

ኃላፊያችን አርብ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ለመስክ ወደ ኖፓ ሊወጣ ነው፤ የመጣለትን ማመልከቻ ሰብስቦ ለኮሚቴው መርቶ ነው የሚሄደው። ያለፈው አለፈው። እኔ ሁለት ሰዓት ላይ ለቢሮ "ትንሽ አረፍዳለሁ" ብዬ ደውዬ፣ ወረቀቴን አሙቄ፣ ላፕቶፔን ከፍቼ ፕሪንት የሚለውን ተጫንኩ። ምንም የለም። እንደገና ተጫንኩ። አሁንም ምንም። ተራ የሚጠብቁትን ጽሑፎች ዝርዝር ከፍቼ ባይ፣ ከላይ ባለፈው ሳምንት ያልታተመው የእድራችን የስብሰባ ጥሪ ቁጭ ብሏል። ግማሹ ላይ እናቴ ፕሪንተሩን ስትነቅለው ነው የቀረው። የኔ ማመልከቻ ከኋላው ተሰልፏል። ጥሪውን ሰርዝ አልኩት፤ "በመሰረዝ ላይ" አለኝ። ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ፤ በመሰረዝ ላይ። ስብሰባው ተደርጎ፣ የቀረው ሰው ተቀጥቶ አልቋል፤ ጥሪው ግን በመሰረዝ ላይ ነው።

እናቴ ሻይ ይዛልኝ መጣች።

"ምንድን ነው እንዲህ የሚያንገበግብህ?"

"የቢሮ ሪፖርት ነው። ኃላፊያችን አምስት ተኩል ላይ ሳይወጣ ማድረስ አለብኝ።"

"ይኸው ደግሞ ቀዩን አበራው" አለች ፕሪንተሩን በጥርጣሬ እያየች። "ይረፍ እንጂ ልጄ። እሱም እኮ ይደክመዋል።"

"እማዬ፣ እባክሽ ዛሬ እንዳትነኪው። መብረቅ ቤታችን ቢገባም እንዳትነኪው።"

"በስመ አብ!" ብላ አማተበች። "ምን ዓይነት አፍ ነው?"

ፕሪንተሩን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ገመዱን ነቅዬ በሌላኛው ቀዳዳ ሰካሁ። ክዳኑን ከፍቼ ውስጡን በባትሪ አየሁ፤ የቀለሙን ዕቃ አውጥቼ አራግፌ መለስኩ፤ እጄ ጠቆረ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር፤ ችግሩ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ፣ እኔ የማገላብጠው ፕሪንተሩን። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ትዕግሥቴ አልቆ ጎሬ ላለ ጓደኛዬ ደወልኩ። ዳሪሙ አብረን የሠራን ነው፤ ኮምፒውተር ያውቃል፤ ማወቁን ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ራሱ ነው።

"ማል ታኤ? ምን ሆነ?" አለኝ።

ነገርኩት።

"ሪስታርት አድርገኸዋል?"

"አድርጌዋለሁ።"

"እስቲ አሁንም አድርገው።"

"አድርጌዋለሁ እኮ እያልኩህ ነው!"

"ራኮ ሂን ቀቡ፣ ችግር የለም፣ አትቆጣ። ቁጣ ፕሪንት አያደርግም።" እሱ እየሳቀ ነው፤ እኔ ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። በመጨረሻ ቁም ነገሩን ነገረኝ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የማተሚያውን ሰልፍ የሚያስተናግድ አንድ አገልግሎት አለ፤ መጀመሪያ እሱን ማቆም፣ ከዚያ የተሰለፉት ጽሑፎች የሚቀመጡበትን ማኅደር ከፍቶ ያለውን ሁሉ መደምሰስ፣ ከዚያ አገልግሎቱን መልሶ ማስነሳት። "ማኅደሩ የት እንዳለ ልንገርህ፤ መጀመሪያ..." ሲል ኔትወርኩ ተቋረጠ። ስደውል "የደወሉላቸው ደንበኛ" ይለኛል። ስደውል "የደወሉላቸው ደንበኛ" ይለኛል።

ብቻዬን ስፈልግ አራት ሰዓት ሆነ። ማኅደሩን ሳገኘው ሊያስከፍተኝ አልፈለገም፤ ፈቃድ የለህም አለኝ። የገዛ ቤቴ፣ የገዛ ኮምፒውተሬ፣ ፈቃድ የለህም! አዎ በል፣ እሺ በል፣ ቀጥል እያልኩ እየተጫንኩ ገባሁ፤ የእድሩን ጥሪም፣ የኔንም፣ ስሙን የማላውቀውንም ጠራርጌ ደመሰስኩ። አገልግሎቱን አስነሳሁ። ዝርዝሩ ባዶ ሆነ፤ ቀዩ ጠፍቶ አረንጓዴው በራ። ብቻዬን "እልል!" አልኩ። ማመልከቻዬን ፕሪንት አልኩት፤ ወረቀቱ ተንቀሳቀሰ፣ ከላይ ቀኑ ወጣ፣ "ጉዳዩ፦" የምትለዋ ወጣች። ያኔ ሰማዩ ጣሪያችን ላይ የተሰነጠቀ ያህል ጮኸ።

እናቴን ከጓሮ ስትመጣ አላየኋትም። ያየሁት እጇን ነው፤ ገመዱን ይዛዋለች፤ ፕሪንተሩ ጨልሟል፤ ወረቀቱ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ቀርቷል።

"እማዬ! ምን አልኩሽ? ምን ብዬሽ ነበር?"

"ዕቃ ይተካል፣ ሰው አይተካም።"

"አረንጓዴ ነበር እኮ! ቀይ አልነበረም! አንቺ እያለሽ እዚህ ቤት ምንም ነገር አይሳካልኝም!"

ያልኩት ይህን ነው። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። እሷ ገመዱን ጠቅልላ በቀስታ መሬት አስቀመጠችውና ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ግማሹን ወረቀት መንጭቄ አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ በንዴት፣ ፕሪንተሩ መነቀሉን እያየሁ፣ ፕሪንት የሚለውን ደጋግሜ ተጫንኩት፤ ማንን ለመቅጣት እንደሆነ አላውቅም። ልሰካው ስነሳ የሰፈሩ መብራት ጠፋ።

አራት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ላፕቶፑን ክፍቱን ትቼ፣ ማመልከቻውን በፍላሽ ይዤ፣ በዝናብ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። እዚያ ጄኔሬተር ያለው፣ የማያውቀኝ ሰው የሚሠራበት አንድ የኮምፒውተር ቤት አለ። ወረፋ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ልጅቷ ፍላሼን ሰክታ አየችና "ምንም የለውም፤ ቫይረስ በልቶታል" አለችኝ። ሌላ ቀዳዳ ላይ ሞክሪው፣ እንደገና ሰኪው አልኳት። ሰካች። ምንም የለውም። "ቤት ካለ አምጣው" አለችኝ፤ እንዲያ ስትለኝ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የሚለቀም እንኳ አላገኘሁም።

ጭቃውን እየረገጥኩ ስመለስ ዝናቡ ቆመ። ሰፈራችን ስደርስ የጎረቤት ሬዲዮ ይጮኻል፤ መብራት መጥቷል። ለአምስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ቶሎ ሰክቼ አንድ ወረቀት ባወጣ እደርሳለሁ እያልኩ በሩን ከፈትኩ።

እናቴ ጠረጴዛው ጋ መነጽሯን አድርጋ ተቀምጣለች። ፕሪንተሩ ተሰክቷል፤ አረንጓዴው በርቷል። ወረቀቶቹ ፊቷ ተደርድረዋል። ስለጮህኩባት አዝና፣ ዝናቡ ሲያባራና መብራቱ ሲመጣ "ልጄ መጥቶ እንዲያገኘው" ብላ ራሷ ሰክታዋለች። በንዴት ያሰለፍኳቸው ሁሉ በተራ ወጥተዋል። እናቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው ፊደል የቆጠረችው፤ በጣቷ ከስር ከስር እየተከተለች፣ ድምፅ እያወጣች ነው የምታነበው። ስገባ ጣቷ ሦስተኛው መስመር ላይ ነበር።

"ልጄ" አለች፣ ቀና ሳትል። "ይቺ የአልጋ ቁራኛ የሆነችው ማን ናት?"

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ውሃው ከጃኬቴ ላይ ይንጠባጠባል።

"ወረቀት ነው እማዬ። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚጽፈው። ካለዚያ አያዛውሩም።"

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። "ሰባት ጊዜ አሳመምከኝ" አለች።

አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ስለ ሰልፉ ላስረዳት ሞከርኩ። ስትነቅዪው ይቆያል፣ ስትሰኪው የቆየው ሁሉ ይወጣል፤ እኔ አንድ ብቻ ነበር የፈለግሁት፤ ስድስቱ የፕሪንተሩ ጥፋት ነው አልኳት።

"አንደኛዋስ?" አለችኝ።

መልስ ሳትጠብቅ ከሰባቱ መሃል ያልተጨማደደውንና ጥርት ብሎ የወጣውን መርጣ ዘረጋችልኝ። "በል ሂድ። ሰውዬው ሳይወጣ አድርስ። እኔ ነቅዬብህ ነው የዘገየው፤ በኔ ምክንያት እንዳይቀርብህ።" ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቁጣዋን አውቀዋለሁ፤ ይሄን ግን አላውቀውም።

ኃላፊያችንን መኪናው ውስጥ አንድ እግሩን ካስገባ በኋላ ነው ያገኘሁት። ማመልከቻዬን ተቀብሎ አነበበው፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ትንሽ ቆየ።

"ትናንት ገበያ አይቻቸው ነበር" አለኝ። "ደህና ይመስሉ ነበር።"

"አዎ... ድንገት ነው።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እሱም ስንቱን በሽታ መርቶ ወደ ኮሚቴ ልኳል። በብዕሩ ጥግ ላይ ጽፎ ፈረመና ቦርሳው ውስጥ ከተተው። "ሰኞ ስመለስ ለኮሚቴው እሰጠዋለሁ። እግዚአብሔር ይማርልህ" አለኝ። "አሜን" አልኩ።

ቤት ስመለስ ስድስት ሰዓት አልፏል። ምድጃው ላይ ምንም የለም። እናቴን ጠራኋት፤ መልስ የለም። መኝታ ቤቷን ገፋ ሳደርግ፣ በቀን ጋደም ስትል አይቻት የማላውቀው ሴት፣ ራሷን በሻሽ አስራ፣ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ ተኝታለች። በአፍ የወጣ ይደርሳል የሚለው ቃሏ በአንድ ጊዜ መጣብኝ።

"እማዬ! እማዬ! ምን ሆንሽ?"

አንድ ዓይኗን ገልጣ ከኋላዬ ሰው ይኖር እንደሆነ አየች።

"ብቻህን ነህ?"

"ብቻዬን ነኝ። ምንሽን ነው ያመመሽ?"

"ምንም አልሆንኩም። ከቢሮህ ሰው ልከው ቢያዩስ ብዬ ነው። መጥተው ጎመን ስቆርጥ ቢያገኙኝ ልጄ ውሸታም ሊባል ነው።"

ተነሺ አልኳት። ለመንኳት። ማንም አይመጣም፣ ማንም አያይም አልኳት። "አንተ ምን ታውቃለህ?" አለችኝና ወደ ግድግዳው ዞረች። ቅዳሜ ጎረቤታችን "እትዬ፣ ማል ታኤ? ምነው ድምፅዎ ጠፋ?" እያለች አጥሚት በኩባያ ይዛ ስትመጣ፣ እናቴ፣ ሟርት የምትፈራው እናቴ፣ ደከም ባለ ድምፅ "ትንሽ አሞኝ ነው" ስትል ከሳሎን ሰማኋት። እሑድ ቅዳሴም ቀረች። ዝናብ ዘንቦ፣ ሰማዩ ጮኾ፣ ፕሪንተሩ ጥግ ላይ ቀዩን አብርቶ ዋለ፤ እናቴ ግን ከአልጋዋ ወርዳ አልነቀለችውም።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቢሮው በር ላይ ቆሜ ኃላፊያችንን ጠበቅሁት። ከኖፓ ሌሊት የገባ ነው፤ ጫማው ገና ጭቃ ነው። ሲያየኝ ደነገጠ።

"ምነው? ባሰባቸው እንዴ?"

"ተሽሏታል" አልኩት። "ማመልከቻዬን ይመልሱልኝ።"